ከወንፈሉ ያስወጣሁት ሰው

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁም። ለእናቴ አልነገርሁም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለኝም አባ» እያልሁ ተነሥቻለሁ። ሌላማ ነበረኝ። አራት ዓመት በሆዴ ይዤው የዞርሁት አንድ ሌላ ነበረኝ፤ እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ እሱ ሳይፈታ ይቀር ነበር።

ሰው አልገደልሁም፤ ትዳር አላፈረስሁም። አንድ ሰው የጻፈውን ሁለት መስመር ሰረዝሁ፤ ከዚያ ያንኑ ሰው አስወጣሁት። ይኸው ነው። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲያ እያልሁ ነው የኖርሁት። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁና ትንሽ ነው ትልቅ የምትሉትን እናንተው በሉ።

የዳንግላ ልጅ ነኝ። በሒሳብ ተመርቄ የመጀመሪያ ምድቤ እንጅባራ ደረሰኝ፤ ነባሮቹ እስከ ዛሬ ኮሶበር የሚሏት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ብርዱን አልቻልሁትም፤ ተማሪውን ግን ቻልሁት። አንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጅ ይቀመጣል፤ ጥያቄ ያለው ልጅ እጁን ሊያወጣ ሲያመነታ ደወሉ ይደወላል። ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው የለው። አባቱ ድንች ሲያወጣ ውሎ ደክሞት ገብቷል፤ ኤክስና ዋይ ምኑ ናቸው?

ያኔ ኢንተርኔት ያለው ስልክ በየሰፈሩ መግባት ጀምሮ ነበር። ለአራት ልጅ አንድ ስልክም ቢሆን አይጠፋም። እኔም በስልክ የሚከፈት አንድ ግሩፕ አቋቋምሁ፤ ስሙንም «የቤት ሥራ ወንፈል» አልሁት። የቤት ሥራ የከበደው ሰው ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፤ የሚያውቅ ይመልስለታል። ወንፈል ያልሁት ከአባቴ እርሻ ወስጄ ነው። ዛሬ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው የአባቴን ጤፍ ያጭዳሉ፤ ነገ አባቴ ሄዶ የእነሱን ያጭዳል። ቀኑ ይታወቃል፤ ማን የማን ቀን እንዳለበት ይታወቃል። ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ውስጥ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ይውላል። እኔም እንዲያ ያለ ሕግ አወጣሁ። ሦስት ጥያቄ የጠየቀ ሰው ቢያንስ የአንድ ሌላ ሰው ጥያቄ ይመልስ፤ ሳይመልስ አራተኛውን ከጠየቀ ይወጣል።

ሠራ ስላችሁ! ከጥሊሊ ገቡ፤ ከግምጃ ቤት ገቡ፤ ከአዘና ገቡ፤ ከዳንግላማ የማላውቀው ልጅ የለም ለማለት ደረስሁ። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ለሰባተኛው ሲያስረዳ ከእኔ ይሻል ነበር፤ ለምን ብትሉ፣ ሲከብደው ምን እንደከበደው ገና አልረሳውም። በየቀኑ ከፍቼ ሳነብ ልቤ ይሞቅ ነበር። ኩራት ነበረኝ። ዛሬም በዚያ ነገር ደስ ይለኛል፤ መልካም ነገር ሠርቼ ነበር። በመልካም ነገር ውስጥ ሆኖ ክፉ መሥራት እንዴት እንደሚቻል የማውቀውም ከዚያ ነው።

ለበዓል ዳንግላ ስወርድ ለአባቴ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ለአቅመ ደካማውስ?» አለኝ። ወንፈል አቅም ላለው ነው፤ ባሏ ለሞተባት፣ ለታመመ፣ ለሸመገለ ደግሞ ደቦ ይወጣለታል፣ እዚያ ላይ ማንም ቀን አይቆጥርም ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ ሳቅሁ። አባባ ይኼ እኮ እርሻ አይደለም አልሁት። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። የተማርሁ ነኛ፤ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሩፑ ውስጥ ስሜ አልነበረም፤ «አስተባባሪ» ነበር የሚለው። ሴት ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ተማሪዎቼ እንዳይንቁኝ ብዬ ነው ልል እችላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። እየቆየ ግን ጣመኝ። ሁሉም «ጋሼ አስተባባሪ» ይሉኛል። እርስዎ ይሉኛል። የሆነ ሽበታም፣ መነጽር ያደረገ፣ ሁሉን የሚያውቅ ሰው አድርገው ሥለውኛል። እኔም ያንን ሰው ወደድሁት። ያ ሰው ደግሞ አይሳሳትም ነበር።

ከሁሉም ለየት ያለ አንድ ጠያቂ ነበረን፤ ስሙን «የኮሶበር ሰው» ብሎ የጻፈ፣ በፎቶው ቦታ ፈረስ የለጠፈ። ትልቅ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። መጀመሪያ ስለ ፐርሰንት ጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ «ይህ ኤክስ የምትሉት ሰውዬ በየጥያቄው ዋጋው የሚለዋወጠው ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ ሰባት ነኝ ካለ ለምን አይጸናም?» አለ። ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ለጠፍሁበት። ሦስተኛው ስለ ሦስት ማዕዘን ነበር። ሲመለስለት አመስግኖ አይጠግብም፤ ለመለሰለት ልጅ ሁሉ «እደግ፣ እደጊ» ይላል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር የሆነ እንጨት አንድ አንድ ሜትር ሆኖ ይቆራረጣል፤ አንድ ጊዜ ለመቁረጥ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁሉንም ቆርጦ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ያስፈልጋል? እኔ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። «አሥራ ሁለት። ቀላል ነው፤ ስድስት ሲባዛ በሁለት» ብዬ ጻፍሁ። ቀላል ነው አልሁ። ወይ እኔ! ተማሪው ሁሉ ወደደልኝ።

ጥቂት ቆይቶ የኮሶበሩ ሰው ጻፈ።

«ጋሼ አስተባባሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሥር ደቂቃ ይመስለኛል። አምስት ጊዜ ከቆረጡት ስድስተኛው ቁራጭ እጅዎ ላይ ነው፤ እሱን የሚቆርጡት ነገር የለም።»

ጆሮዬ ጋለ። ወረቀት ላይ መስመር አሠመርሁና በእስክሪብቶ ቆረጥሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ቁራጭ ቁጭ ብሎ አየኝ። ሰውየው ልክ ነው። መጋዝ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ በዲግሪ ሳትሁት። ምን ነበረበት «ልክ ነዎት፣ ተሳስቻለሁ» ብል? ለተማሪዎቼ ከዚያ የሚበልጥ ምን ትምህርት ነበረኝ? ማን ይሞት ነበር?

ሰረዝሁት። ጽሑፉን ተጭኜ ያዝሁ፤ ምርጫ መጣ፤ ሰርዝ የሚለውን ነካሁ። ጠፋ። ከዚያ ወደ ራሴ መልስ ሄጄ አሥራ ሁለቱን አሥር አደረግሁት፤ ከሥሩም «አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ስድስተኛው እጃችን ላይ ይቀራል» ብዬ ጨመርሁ። በራሱ ቃል። የሰውየውን መልስ ሰርዤ የሰውየውን ቃል ወሰድሁ። ልጆቹ «ጋሼ አስተባባሪ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ። ደወል ተደወለና ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። 

የኮሶበሩ ሰው መልሴ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አራተኛ ጥያቄ ይዞ መጣ። የአሥረኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። «ጋሼ አስተባባሪ፣ የማታ ተማሪ ነኝ፤ ፈተናዬ ደርሷል። ከዚህ ወረቀት ላይ ያሉት ጨንቀውኛል። እባካችሁ ትብብራችሁ አይለየኝ» ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ፎቶ ለጠፈ። ከልጆቹ አንዱ ወዲያው ቆጠረበት። ሦስት ጠይቋል፤ አንድም አልመለሰም፤ ይህ አራተኛው ነው፤ ሕጉ ይከበር አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ሕጉን ያስተማርኋቸው እኔ ነኛ።

መመለሱን የማውቅ በምድር ላይ ከእሱ ሌላ እኔ ብቻ ነበርሁ። «መልሷል» ብል የት አለ መልሱ ይሉኛል። እኔ ነኝ የሰረዝሁት ልበል? ያ ሽበታሙ ጋሼ አስተባባሪ እንዲህ ይላል? አንድ ትንፋሽ ያህል ተጠራጠርሁ። ከዚያ «ወንፈል የማይመልስ ከወንፈሉ ይወጣል» ብዬ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፍሁና አስወጣሁት። ገጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ማንም አልነካቸውም።

ክፉ ሰው ነበርሁ? አልነበርሁም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ክፉ ብሆን ክፉ ሰው ነው የሠራው ይባል ነበር። እኔ ግን ደግ ነኝ እያልሁ፣ ልጆች እየረዳሁ፣ ቅዳሜና እሑዴን እየሰዋሁ ነው ያደረግሁት። ሕጉን ያወጣሁት ለፍትሕ ነበር፤ ሕጉን የተጠቀምሁበት ኀፍረቴን ለመሸፈን ነው። ሰውየው እንደ ሌባ በተባረረበት ቤት ሌባዋ እኔ ነበርሁ።

ክረምቱ አለፈ፤ አዲሱ ዓመት ገባ። የተከራየኋት ክፍል መጻሕፍቴ መሬት ላይ ተቆልለው ነበርና መደርደሪያ ላሠራ አሰብሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አያ ቢያዝን ሂጂ አለችኝ። አስፋልቱ ዳር ቀርከሃ ከሚሠሩት አንዱ ነው፤ ዕድሜው አርባ ገደማ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ የሚሠራ ሰው። ቁመቱን ስነግረው እየለካ ምን እንደማስተምር ጠየቀኝ። ሒሳብ አልሁት። ሳቀና «እሱ ነው እኮ የጣለኝ» አለ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ሁሉን አወራኝ። የማታ ተማሪ ነበር። የሙያ ማሠልጠኛ ቤት የቀርከሃ ሥራ አሠልጣኝ ልንቀጥርህ እንፈልጋለን፣ ብቻ የአሥረኛ ክፍል ወረቀት አምጣ ብሎታል። ሌላው ትምህርት አልከበደውም፤ ሒሳቡ ኤፍ ሆነ። ቦታው ወረቀት ላለው ለሌላ ሰው ተሰጠ። «ቀርከሃን ከሸንበቆ የማይለይ ነው፤ ግን ወረቀት አለው፤ ምን ይደረግ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በስልኩ አንድ ጥሩ ወንፈል እንደነበረ፣ ልጆቹ እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱት፣ ፈተናው ሲደርስ ግን እንዳስወጡት ነገረኝ። እኔ ከቀርከሃው ክምር ላይ ተቀምጬ ነበር። የኮሶበሩ ሰው እሱ ነበር።

«መልሼ ነበር እኮ፤ ስለ እንጨት መቁረጥ የመጣችውን ጥያቄ መልሼ ነበር» አለ። «ኔትወርኩ በልቷት ነው መሰል አልደረሰችም። እነሱ ምን ያድርጉ ቲቸር? ያልደረሳቸውን ከየት አምጥተው ይቁጠሩልኝ?»

እየተከራከረልን ነው። ለእኔ እየተከራከረልኝ ነው። አፌን ከፈትሁ፤ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ልነግረው ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፣ ሒሳቡን ላስጠናዎት አልሁት። ቀና ብሎ ፈገግ አለና በነፃ አልማርም፣ እኔ ወንፈል የማልመልስ ሰው አይደለሁም አለኝ። ይህን ለእኔ ነው የሚለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሥራ ቦታው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠን አስጠናሁት። ሲያሰላ ከንፈሩ በአገውኛ ይንቀሳቀሳል፤ መልሱን በአማርኛ ያወጣዋል። ክፍልፋይ ለማስረዳት አልተቸገርሁም፤ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው ነው፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን በእጁ ያውቀዋል። ከኤክስ ጋር ግን ብዙ ተጣሉ። «ይህ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ አለ?» ይለኛል። ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትሁባቸው ከሰዓቶች ጥቂት ናቸው። እሱም በየወሩ አንድ ነገር ሠርቶ ያመጣል። መጀመሪያ መደርደሪያው፣ ቀጥሎ ሁለት ወንበር፣ ቀጥሎ ትንሽ ጠረጴዛ። እንቢ ብል ይቀየማል። አያችሁ ጉዴን? የበደልሁት ሰው፣ ዕዳዬን ስከፍለው መልሶ ይከፍለኛል፤ ቤቴም በእሱ እጅ ሥራ ሞላ።

ከተማው ወሬ አይደብቅም። መምህርቷ ደሃ ታስተምራለች፣ ነፍስ ናት ተባለ። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ መካከል አነሣኝ፤ ሌሎቻችሁም ከእሷ ተማሩ አለ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና ነው ብለው የበለጠ ወደዱኝ። አንድም ቀን «አይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አላልሁም። ሰው ሲያመሰግን ዝም ማለትም ውሸት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ ገብቶኝም ዝም አልሁ።

በዓመቱ ተፈተነ፤ ሒሳብ ሲ አመጣ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዝናብ እየመታው ትምህርት ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። በመምህራን ፊት እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል በስንት ትግል ከለከልሁት። የአሠልጣኝነቱ ቦታ ግን አንዴ ተይዟል። እሱ ብዙም አላዘነበትም፤ ተወው። ማኅበር አደራጅቶ ዛሬ ስድስት ሰው ያሠራል፤ ወንበሩ ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል። ያን ሥራ ባገኝ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላል። እውነቱን ነው። ድግሱ ግን የእግዜር ነው፤ መጣላቱ የእኔ ነበር። እሱ ስለተረፈ እኔ አልበደልሁም ማለት ነው? በር የዘጋሁበት ሰው በመስኮት ቢገባ በሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም?

ይህንንም ልናዘዝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደስተኛ ሴት ነበርሁ። እንቅልፍ አልነሣኝም። በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። አግብቻለሁ፤ ባሌ የዋህ ነው። ልጅ ወልጃለሁ፤ ልጄ የተኛበትን አልጋ የሠራው አያ ቢያዝን ነው። ኃጢአት ያለበት ሰው ፊቱ ይጠቁራል የሚሉት ውሸት ነው፤ የእኔ ፊት ወዝቶ ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ብቻ፣ እሱ ስለ ኔትወርክ ሲያማርር፣ ወሬ እቀይር ነበር።

ባለፈው ወር የአያ ቢያዝን ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ከትልልቆቹ ልጆች በኋላ ስንት ዓመት ቆይታ የመጣች ናት፤ ደስታቸው ልክ የለውም። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ገና ከወዲሁ ነጠላውን አጣፍቶ ቤቴ መጣ። ቆሞ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ክርስትና አንሺልኝ አለኝ። የልጄ የክርስትና እናት ሁኚልኝ። እሺ አልሁ፤ እንዴት እንቢ ይባላል? እንደወጣ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ክርስትና ቀልድ አይደለም። ያቺን ሕፃን ታቅፌ ስለ እሷ ሆኜ ሰይጣንን እክዳለሁ ብዬ መልስ ልሰጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ዘመድ ነን፤ ልጆቻችን እንኳ አይጋቡም። በሌላው ነገር ሁሉ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ላይ ግን አልቻልሁም። ከማውቀው ውሸት ላይ ቆሜ ዘመድ መሆን አልቻልሁም።

ባለፈው ሐሙስ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ እሱ ሄድሁ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው ብቻውን ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ሰላምታውን ሳልጨርስ ተናገርሁ።

«አያ ቢያዝን፣ ጋሼ አስተባባሪ እኔ ነበርሁ። መልስዎ ደርሶ ነበር። ኔትወርክ አልበላውም፤ እኔ ነኝ የሰረዝሁት። ልክ ስለነበሩ ነው የሰረዝሁት። መመለስዎን እያወቅሁ ነው ያስወጣሁዎት።»

ቢላዋውን አስቀመጠ።  አንዷን ስንጣቂ አንሥቶ ስለቷን በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀመር። ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይስቃል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም።

«ሌላስ ስንት ሰው አስወጣሽ?» አለኝ።

አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው፤ ቆጥሬ አላውቅም። የሰረዝሁት ግን የእርስዎን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በእውነት አልመለሱም ነበር ብዬ ቶሎ ጨመርሁ። እንደ ማጽናኛ ነበር የተናገርሁት።

«እንግዲህ እኔስ የምመልሳት አንድ ነገር ነበረችኝ» አለ። «ምንም የሚመልሱት የሌላቸውስ? ጥያቄ ብቻ ይዘው የመጡትስ ምን ሆኑ?»

 አራት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ሰው ስሸማቀቅ፣ የተሸማቀቅሁት እሱን በየሳምንቱ ስለማየው ነበር። ያላየኋቸውን አንድም ቀን አስቤያቸው አላውቅም። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ ይቅር እንዲለኝ ለመንሁት።

«የእኔን ትቼዋለሁ፤ እግዜር ይፍታሽ» አለ። «ልጄንም አንቺው ነሽ የምታነሻት፤ እሱ አይነካካም። የእነሱን ግን እኔ ልተውልሽ አልችልም።» ይህን ብሎ ቢላዋውን አነሣና የቀርከሃውን ጫፍ እንድይዝለት ጠየቀኝ። ያዝሁለት። 

ቤቴ ገብቼ ግሩፑን ከፈትሁ። ሰው ከጻፈበት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ልጆቹም አድገው ተበትነዋል። የወጡት ሰዎች ዝርዝር ግን እዚያው ተቀምጧል። ሠላሳ አንድ ናቸው። አብዛኞቹ የጠየቁት አራት ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ አነበብሁት። ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። ቀላል ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ለሌላው የሚመልሰው ከየት ያመጣል? ከሁሉም ይልቅ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን መርጬ ነው ያስወጣሁት። ለቅሞ እንደማውጣት ነበር፤ ከእነሱ የሚያመልጥ አልነበረም። አባቴ በአንድ ጥያቄ ያየውን እኔ ለማየት ይህን ያህል ዘመን ፈጀብኝ።

ከአያ ቢያዝን ሌላ ለቀሩት ለሠላሳዎቹም ጻፍሁ። በስሜ ነው የጻፍሁት፤ መምህርት ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ አስተባባሪው እኔ ነበርሁ፣ ያወጣሁት ሕግ ግፍ ነበር፣ ይቅር በሉኝ አልሁ። ብዙዎቹ ያንን ገጽ ትተውታል፤ መልእክቴን አያዩትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ። አራቱ መለሱልኝ። አንዱ ዳንግላ ባጃጅ ይነዳል፤ ጉዳዩን ጨርሶ ረስቶታል፣ ሳቀብኝ። አንዱ ማን ነሽ አንቺ አለኝ። አንዱ ሰደበኝ፤ ስድቡ ተገቢ ነበር፣ አልመለስሁለትም። አራተኛዋ አዘና ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ ቲቸር» ብላ ጻፈችልኝ። «ግን ያኔ የጠየቅሁትን እስካሁን አላወቅሁትም። አራት በግማሽ ሲካፈል ስምንት የሚሆነው ለምንድን ነው? ሲካፈል ማነስ አልነበረበትም?»

ገልብጠሽ አባዢ ማለት ይቻል ነበር፤ በሁለት ሴኮንድ ያልቃል። እሷ የጠየቀችኝ ግን እንዴት ይሠራል ብላ አይደለም፤ ለምን ብላ ነው። ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀደድሁ። እስክትረዳው ድረስ እጽፍላታለሁ፤ ይቅርታዋንም ገና አልተቀበልሁም፤ መጀመሪያ ጥያቄዋን ልመልስላት።